ማንም የማይጠይቀው የገቢ ማስረጃ

የጡረታ ዘመናቸውን በሰው አገር ለማሳለፍ የሚያስቡ ሰዎች በመጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የገቢ ጥያቄ ነው። ፓናማ ለጡረተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ለመስጠት በወር ቢያንስ 1,000 ዶላር የሚያስገኝ የዕድሜ ልክ ጡረታ መኖሩን ታረጋግጣለች። ስፔን ሳይሠሩ በግዛቷ መኖር የሚፈልጉ ሰዎችን ራሷ ያወጣችውን የገቢ መለኪያ አራት እጥፍ ትጠይቃለች፤ መለኪያው በወር 600 ዩሮ ሲሆን የሚፈለገው 2,400 ዩሮ ይሆናል ማለት ነው። ታይላንድ ደግሞ ዕድሜው 50 የሞላው አመልካች በወር 65,000 ባት እንደሚያገኝ ወይም 800,000 ባት በባንክ እንዳስቀመጠ እንዲያሳይ ትፈልጋለች። ሁለቱ የታይላንድ አማራጮች ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ 65,000 ባት በ12 ወር ሲባዛ 780,000 ይሆናልና፣ በባንክ የሚቀመጠውም ገንዘብ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ነው። እነዚህ አገሮች ሊያውቁ የሚፈልጉት የአመልካቹን የሀብት ብዛት ሳይሆን፣ ጉልበቱ ከደከመ በኋላ ሳይቋረጥ የሚደርሰውን ገቢ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለስ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ይህ ጥያቄ አይቀርብለትም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የሌላ አገር ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በተለምዶ ቢጫ ካርድ በሚባለው መታወቂያ ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ ገብተው እንዲኖሩ ፈቅዷል፤ የጡረታ ደብተርም ሆነ የባንክ ሒሳብ አሳዩ አይልም። ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው ወደ ተወለደበት ምድር ለመመለስ ዋጋ ሊተመንበት አይገባም። ሆኖም መንግሥት ጥያቄውን ስለተወው ጥያቄው ቀረ ማለት አይደለም። ኤምባሲ ይጠይቀው የነበረውን ተመላሹ ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ያውም ከገቢው መጠን ይልቅ ገቢውን የማን ውሳኔ እንደሚያስቆመው አስቀድሞ መመርመር አለበት።

የዚህ ጥያቄ ክብደት ከባንክና ከኤምባሲ ርቃ በምትገኘው በኮልቾ በግልጽ ይታያል። ኮልቾ በደቡብ ኦሞ፣ የኦሞ ወንዝ በሚጠመዘዝበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች የካሮ ሕዝብ መንደር ናት። ካሮዎች ለብዙ ትውልድ ወንዙ በክረምት ሞልቶ ሲመለስ ዳርቻው ላይ በሚተወው እርጥብ ደለል ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ሙላቱ አንዳንድ ዓመት ቢያንስም ቢበዛም መምጣቱ አይቀርም ነበርና፣ ለአዛውንቱ ከጡረታ የማይተናነስ ቋሚ ገቢ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ግን የወንዙን ፍሰት አመጣጥኖ የቀድሞውን የሙላት ሥርዓት ለወጠው። ግድቡ ለአገር ያስገኘው ኃይል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ለትውልዶች ያልተቋረጠ ገቢ ከላይ፣ ሩቅ ቦታ በተወሰነ ውሳኔ ሊቀየር መቻሉ ነው። የታችኛው ተፋሰስ ሰው ትጋት አልጎደለውም፤ ፍሰቱ ግን በእጁ አልነበረም።

ከውጭ ወደ አገሩ የሚመለስ ጡረተኛ ገቢም እንዲሁ የሚፈስሰው ከሩቅ ነው፣ በሩንም የያዘው ሌላ ሰው ነው። በአሜሪካ ቢያንስ ለ10 ዓመት ያህል ሠርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ያገኘ አሜሪካዊ ዜጋ ክፍያው ኢትዮጵያ ድረስ ይከተለዋል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አረጋውያን የሚሰጠው ኤስኤስአይ የተባለው ድጎማ ግን ተቀባዩ ከአሜሪካ ወጥቶ 30 ቀን ሲሞላው ይቋረጣል። ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን ክፍያዎች በአንድ ስም «ሶሻል» እያለ ይጠራቸዋል፤ የስሙ መመሳሰል ግን እናትና አባትን ያለ ገቢ ሊያስቀር ይችላል። የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአገሩ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የብሪታንያ መንግሥት ጡረታ ደግሞ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ይከፈላል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ ስለማይደርሰው ክፍያው እዚያው በቆመበት ይቀራል። የሚከተል፣ የሚቋረጥና ባለበት የሚቆም ገቢ በወረቀት ላይ እኩል ቢመስሉም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያኖሩት ኑሮ የተለያየ ነው።

«ዶላር ያለው ሰው እዚህ ምን ይቸግረዋል?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህ ግን ዶላሩ በየወሩ ለሚገባለት ሰው የሚሠራ ሒሳብ ነው። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ቀድሞ ወደ ብር የመነዘረ ወይም በብር ኪራይ ብቻ ልኑር ያለ ሰው ግን፣ ያው የምንዛሪ ለውጥ ገንዘቡ በዶላር ሲለካ ያለውን ዋጋ ከግማሽ በታች አውርዶበታል። የዋጋ ንረቱም ዶላር ያለውንና የሌለውን ለይቶ አይምርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ «እኛ እኮ ፈረንጅ አይደለንም፣ ዘመድ አለን» የሚለው ነው። ዘመድ እውነተኛ ዋስትና ነው። ነገር ግን በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ እንኳ ይህ ዋስትና እንዲሁ የሚገኝ አይደለም፤ ሰው ከብቱን በሩቅ ወዳጆቹ በረት ያኖራል፣ የእነሱንም ይጠብቃል፣ ድርቅ ወይም በሽታ በመጣ ጊዜ የሚደርስለት ይህ በረጅም ዘመን መስጠትና መቀበል የታሰረ ወዳጅነት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሲልክ የኖረ ሰውም ተመሳሳይ ውለታ አስቀምጧል ሊባል ይችላል። ሆኖም ቤተሰቡ የሚያውቀው በሰጪነቱ ነውና፣ እሱ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው እንደ ጧሪ እንጂ እንደ ተጧሪ አይደለም። ዘመድ ሲያስታምም ይውላል፣ አጠገቡ ያድራል፤ የኩላሊት እጥበት ወይም የካንሰር ሕክምና ወጪን ግን የወር ደመወዝተኛ ወንድም ይቻለው ማለት ግፍ ነው። ጂንካ ሆስፒታል አላት፤ ከበድ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ ግን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ረጅም፣ የሚያስከትለውም ወጪ ከባድ ነው።

ስለዚህ ሻንጣ ከመዘጋጀቱ በፊት የገቢ ምንጮችን አንድ በአንድ አንስቶ፣ ይህ ይከተለኛል ወይስ ይቋረጣል፣ ያድጋል ወይስ ባለበት ይቆማል፣ በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል ብሎ ከከፋዩ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ታይላንድ ከባዕድ ሰው የምትጠይቀውን የአንድ ዓመት መተዳደሪያ ለሕክምናና ለክፉ ቀን አስቀምጦ መምጣት ደግሞ ለራስም ለዘመድም ማዘን ነው። የኮልቾ ገበሬ የወንዙን ፍሰት ለመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። የእኛ ጡረተኛም የዋሽንግተንን ወይም የለንደንን ሕግ አይለውጥም፤ ሕጉ ግን ተጽፎ የተቀመጠ ነውና፣ ከመነሳቱ በፊት ሊያነበው ይችላል።