«ቅንጅት»ና ሁለቱ ጎረቤቶቹ፦ ስለ አውሮፓ የልማት ርዳታ ሥያሜዎች

ስለ ልማት ርዳታ በሚጻፉ የአማርኛ ሰነዶች «ቅንጅት» የተባለው ቃል የሦስት ጽንሰ ሐሳቦችን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ለይተን ለየአንዳንዳቸው ሥያሜ እናቀርባለን፤ ምሳሌዎቻችንንም ከምዕራብ ሐረርጌ እንወስዳለን።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1975 የሎሜን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። ከአውሮፓ የሚመጣው ርዳታ ግን ምንጩ ሁለት ነው፤ አንዱ የጋራው በጀት፣ ሌላው የየመንግሥታቱ ግምጃ ቤት። ስለዚህ በ1992 የተፈረመው የማስትሪኽት ውል በልማት ረገድ ሦስት ግዴታዎችን ደነገገ፤ እነርሱም ኮኦርዲኔሽን፣ ኮምፕሌመንታሪቲና ኮሂረንስ ይባላሉ።

፩. ቅንጅት። ይህን ሥያሜ ለኮኦርዲኔሽን እንተዋለን። ቃሉ የገበሬ ቃል ነው፤ አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። በሬው የየራስ፣ ጥማዱ የጋራ ነው። በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን፣ እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ከዓለም ባንክና ከሌሎች ጋር ሆነው በአንድ የመንግሥት ፕሮግራም በኩል፣ ምዕራብ ሐረርጌን ጨምሮ፣ በርካታ ወረዳዎችን ረድተዋል።

፪. መደጋገፍ። ይህ ለኮምፕሌመንታሪቲ ይሆናል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል ማለት ነው። ሁለት ለጋሾች ተመካክረው ሁለቱም ውሃ ቢያወጡ፣ መንገዱን ግን ማንም ባይሠራ፣ ቅንጅት አለ፤ መደጋገፍ የለም።

፫. መጣጣም። ይህ ለኮሂረንስ ነው፤ ተቃራኒው መጣረስ ነው። ጉዳዩ በለጋሾች መካከል ያለ ሳይሆን በአንዱ ተቋም የልማት፣ የንግድና የግብርና መመሪያዎች መካከል ያለ ነው። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ የአፈጻጸሙ ቀን ቢራዘምም፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ካልተመነጠረበት መሬት የተገኘ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ የማሳውም መገኛ እንዲመዘገብ ያዛል። ዓላማው ደንን መጠበቅ ነው። ነገር ግን ትንሽ ማሳ ላለው የበደሳ ቡና አምራች ማስረጃውን ማሟላት ቀላል አይደለም። አንዱ እጅ ሲደግፈው ሌላው እጅ ደጁን ያጠብበታል።

እዚህ ላይ «ቅንጅት ጎደለ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ለጋሾቹ ፍጹም ተቀናጅተው ሳለ መመሪያዎቹ ሊጣረሱ ይችላሉ። ቃሉ ካልተለየ አቤቱታው ወደ ርዳታ ሰጪው ቢሮ ይሄዳል፤ መሄድ የነበረበት ግን የንግድ ደንቡን ወዳወጣው ዘንድ ነው። ተርጓሚዎችና የወረዳ ጸሐፊዎች ሦስቱን ሥያሜዎች እንዲለዩ የምናሳስበው ስለዚህ ነው።