አሮጌውን መጋዝ አትጣሉት፣ መሪውን ቀይሩለት

ወዳጆቼ፣ አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ሶኬቱን ንቀሉ። ጣውላ ስትሰነጥቁ ጎኑን አስደግፋችሁ የምትገፉበትን ረጅም ብረት፣ እኔ መሪ የምለውን፣ ቆልፉት። ጠረጴዛው ላይ ከዲስኩ ጎን ከተቦረቦረው ቦይ እስከ መሪው ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለኩ። ፍቱት፣ ወዲያ ወዲህ አንሸራቱት፣ እንደገና ቆልፉና ለኩ። የእኔው መጀመሪያ ከኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ጠበበ፤ ሁለተኛ ጊዜ በ1 ሚሊ ሜትር ሰፋ። ለካ እነዚያ ሁሉ የተንሻፈፉ የቁም ሣጥን በሮች የእጄ ጥፋት አልነበሩም!

ብዙዎቹ የድሮ መሪዎች ከፊትና ከኋላ በሁለት ሐዲድ ላይ እየተንሸራተቱ በሁለቱም ጫፍ ይቆለፋሉ። የፊቱን ሐዲድ የሚነክሰው ጭንቅላታቸው ጠባብ ስለሆነ ብረቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም። ስታጠብቁት አንዱ ጫፍ ቀድሞ ይነክሳል፤ ሌላው ወደ ጎን ይሳባል።

ጉዳዩ የልክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩላችሁ። 25 ሴንቲ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሶቹ በሰከንድ 52 ሜትር፣ በሰዓት ከ185 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። በእናንተ በኩል ያሉት ጥርሶች እንጨቱን ወደ ታች ይጫኑታል፤ ከኋላ ያሉት ግን ወደ ላይ ነው የሚወጡት። መሪው ከኋላ ከጠበበ እንጨቱን እነዚህ ጥርሶች ላይ ያጣብቀዋል። ያኔ ብድግ አድርገው ወደ ገፊው ሰው ይወረውሩታል።

መፍትሔውን ያስፋፋው አሜሪካዊው ዊልያም ቢዝማየር ነው፤ አሪዞና ውስጥ ይሠራው የነበረው መሪ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሐሳቡ ሲያዩት በጣም ቀላል ነው፦ እንደ ነዳፊዎች ቲ ማስመሪያ ሰፊ ጭንቅላት ከረጅም ብረት ጋር ይበየዳል። ጭንቅላቱ ጠረጴዛው ፊት በታሰረ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ እጀታ ሲጫኑ ይነክሳል። የኋላው ጫፍ አይቆለፍም። ቀጥታውን የሚጠብቀው የጭንቅላቱ ስፋት ነው፤ ስለዚህ ስንት ጊዜ ብትፈቱትና ብታጠብቁት ያው ነው።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ይህ ነው፦ ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ፣ አንግል ብረት፣ ጥቂት ብሎን፣ ለፊቱ ልስልስ ያለ ፕላይውድ ይበቃል። ብየዳ ብረት እንደሚያጣምም ታውቃላችሁ፤ ለዚህም ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች ይገባሉ፣ አንዱን ጠበቅ ሌላውን ላላ እያደረጋችሁ ታቃኑታላችሁ። የጠረጴዛው የድሮ ቀዳዳዎች ካልገጠሙ በትራፓኖ ቀስ ብላችሁ አዲስ ብሱ። ካስት አይረን ዘይት አይፈልግም፤ ጥቁር ዱቄት እያራገፈ ይበሳል። ቱቦው ከቦዩ ወለል ዝቅ ብሎ መታሰር አለበት፣ አለዚያ ቦዩ ውስጥ የሚሄደውን መግፊያ ያግደዋል።

ቅደም ተከተሉን ግን አታፋልሱ። መጀመሪያ ዲስኩን ከቦዩ ጋር ታስተካክላላችሁ። አንድ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ከቦዩ ያለውን ርቀት ከፊት ለኩ፤ ዲስኩን በእጅ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ከኋላ ለኩ። እኩል እስኪሆን ከሥር ያሉትን ብሎኖች አላልታችሁ አስተካክሉ። መሪውን ከቦዩ ጋር የምታቃኑት ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው ላይ የሚለጠፈው ሜትር መጨረሻ ይመጣል፦ አንድ ጣውላ ሰንጥቁ፣ በካሊፐር ለኩት፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ጠቋሚ ባገኛችሁት ቁጥር ላይ እሰሩት። የዲስክ ውፍረት ስለሚለያይ፣ ዲስክ በቀየራችሁ ቁጥር ይህችን የመጨረሻ ልኬት ድገሟት።