ልጃችሁ ወደ ሚኒያፖሊስ ከመሄዱ በፊት



ልጅ ከጻቫ ወጥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ «አሜሪካ ልሄድ ነው» ሲል ወላጅ ቶሎ የሚታየው ኒውዮርክ ነው። አንዳንዱ ልጅ ግን የመሀል አሜሪካን ከተማ ይጠራል፤ ቺካጎ፣ ኮሎምበስ፣ ሚኒያፖሊስ። «ኪራዩ ከኒውዮርክ ይቀላል፣ ሥራም አለ፣ የኢትዮጵያ ሰውም ሞልቷል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ግን ያልነገራችሁ ነገር አለ፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም። ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ ስላለችው ስለ ሚኒያፖሊስ እናውጋ።

እኛ ወደዚህ አገር ስንገባ፣ በ1984 በሱዳን በኩል የመጣውም ሆነ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጣው፣ ተቀባይ ነበረው። መርካዝ ክሊታው ቢጠብም ጣራ ነበር። ኡልፓን ነበር፣ ተኡዳት ዘሁት ነበር፣ የኩፓት ሆሊም ካርድ ነበር። ቅሬታችን ብዙ ቢሆንም ስማችን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን ለልጃችሁ መዝገብ ከፍቶ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ዝግጅቱ ማለቅ ያለበት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ሰው ኤስታ የሚባለውን ፈቃድ በኢንተርኔት ጠይቆ ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን አሜሪካ መቆየት ይችላል። ልብ በሉ፤ ይህ ለጉብኝት ነው። በኤስታ ገብቶ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም፣ ቀኑንም ማራዘም አይቻልም። ጓደኛ «ና፣ ዕቃ የማጓጓዝ ሥራ አለ፣ በእጅህ ይከፍሉሃል» ሲለው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ደመወዙን ቢከለክሉት ለመክሰስ ይፈራል፤ ቢያዝም ይመለሳል፣ በሩም ለዓመታት ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ትኬቱ ስንት ነው?» ሳይሆን «በምን ቪዛ ነው የምትሄደው?» ይሁን። የሥራ ፈቃድ ይዞ የገባ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያወጣል። እሱም እንደኛ ሚስፓር ዘሁት ለደመወዝም፣ ለግብርም፣ ለባንክም ይጠየቃል።

ብርዱ ቀልድ አይደለም

አሜሪካኖች ሙቀትን የሚለኩት በፋራናይት ነው። ልጃችሁ በስልክ «ዛሬ ዜሮ ነው» ቢላችሁ የሄርሞን በረዶ እንዳይመስላችሁ። የእነሱ ዜሮ በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች 18 ነው። በጃንዋሪ ሌሊት እንዲህ ያለው ብርድ እንግዳ አይደለም፤ ከዚያም የባሰ ይመጣል። ነፋስ ሲጨመርበት የተጋለጠ ጣትና ጆሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። የስሜንን ውርጭ የምታውቁ አባቶችም ይህን አታውቁትም።

ከዚህ የሚሸከመው ካፖርት አያድነውም፤ እዚያው ይግዛ። ሚኒሶታ ልብስ ላይ የሽያጭ ግብር አትጥልም። የበረዶ ጫማ፣ ወፍራም ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ፣ ከውስጥም የሚደራረብ ልብስ ያስፈልገዋል። በከተማው መሀል ሕንፃዎቹን ከላይ በኩል የሚያገናኝ፣ ስካይዌይ የሚባል የተሸፈነ መተላለፊያ አለ፤ ብዙ መንገድ ውጭ ሳይወጡ ይሄዱበታል። መኪና ካለው ደግሞ ብዙ በረዶ ሲጥል ከተማው «የበረዶ አስቸኳይ» ያውጃል። በእነዚያ ቀናት በተከለከለው የመንገድ ዳር ያቆመ ሰው መኪናው ይጎተታል፣ ገንዘቡም ይሄዳል።

ቤት ሲከራይ «ማሞቂያውን የሚከፍለው ማነው?» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው አከራዩ ከሆነ፣ በሚኒሶታ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ ማለትም በእኛ 20 ዲግሪ፣ ማድረግ አለበት።

ኩፓት ሆሊም የለም

እዚያ ሰውን ሁሉ በሕግ የሚያቅፍ ኩፓት ሆሊም የለም። ብዙው ሰው የጤና ኢንሹራንስ የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ነው። አሠሪው ካልሰጠው ራሱ ይገዛል፤ የሚኒሶታው መመዝገቢያ ኤምኤንሹር ይባላል። በሕጋዊ ፈቃድ አዲስ የገባ ሰው በ60 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይችላል። ያ ካለፈው የዓመቱ ምዝገባ እስኪከፈት፣ እስከ ኖቬምበር 1፣ ሊጠብቅ ነው። ኢንሹራንስ ቢኖረውም እስከተወሰነ ገንዘብ ድረስ በመጀመሪያ የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ አይመልሰውም፤ ደረሰኙ ግን በፖስታ ይከተለዋል።

እዚህም ያለውን አይርሳ። ከአገር ሲወጣ ለቢቱዋህ ሌኡሚ ያሳውቅ፣ ክፍያውንም ይጠይቅ። ዝም ብሎ ከሄደ ዕዳ ይጠራቀማል፣ ብዙ ቆይቶ ሲመለስም የኩፓት ሆሊም መብቱን ለማግኘት ሊጠብቅ ይችላል።

ብድር የሌለበት ሰው አይታመንም

እኛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እየተባልን ያደግን ነን። አሜሪካ ግን ተበድሮ በወቅቱ የመለሰ ሰው መዝገብ አለው፤ አከራዩም ባንኩም ያንን ያያሉ። አዲስ ሰው መዝገቡ ባዶ ነው። መፍትሔው ባንክ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ በማስያዣነት አስቀምጦ ትንሽ ክሬዲት ካርድ ማውጣት፣ በየወሩም ሙሉውን መክፈል ነው። ለቤት ኪራይ ደግሞ የአሠሪ ደብዳቤና ማስያዣ ይዞ ይቅረብ። ቢያንስ የሦስት ወር መኖሪያ ሳይዝ ባይሄድ ይሻላል።

ሰንበት፣ ቋንቋ፣ ቆዳ

እዚያ የዕረፍት ቀኑ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሱቅና መጋዘን የሚሠራ ግን ቅዳሜ ሊጠራ ይችላል። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብት ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ከባድ ጉዳት ካላመጣበት በቀር፣ የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያመቻች ያዛል። ልጁ ይህን ሲቀጠር ይናገር እንጂ ዓርብ ማታ አይደለም። በዲሴምበር ፀሐይ በ16:30 አካባቢ ትጠልቃለች፤ ሰንበት ከሥራ ሰዓት ጋር ይጋጫል። በጁን ደግሞ እስከ 21:00 ይመሻል። ስግድ እዚያ በካላንደሩ የለም፤ ፈቃዱን አስቀድሞ ይጠይቅ። ብዙ አይሁድ የሚኖሩት በከተማው አጠገብ ባለችው በሴንት ሉዊስ ፓርክ ነው።

የኢትዮጵያ ሰውን በተመለከተ፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አለ። የእኛ እምነት ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ስትናገሩት በዕብራይስጥ የሚመልስላችሁ ልጅ፣ እዚያ ክፍልና ሥራ የሚጠቁመውን ሰው የሚያገኘው በአማርኛ ነው። ስለዚህ እስኪሄድ ድረስ አማርኛ አናግሩት፤ ስለ ራሱም መልስ ይኑረው። «ኢትዮጵያዊ ይሁዲ አለ ወይ?» መባሉ አይቀርም፤ ምኩራብ ውስጥም ሳይቀር።

ስለ ፖሊስም ንገሩት። ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 2020 በፖሊስ እጅ የሞተው በዚያች ከተማ ነው። እኛም እዚህ ስለ ልጆቻችን አደባባይ ወጥተናል፤ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። ፖሊስ ካስቆመው ከመኪናው አይውረድ፣ እጁን መሪው ላይ ያድርግ፣ ሳይነግረው ኪሱ አይግባ።

ከናንተ የሚጠበቀው

በጨለማው ክረምት ብቸኝነት ከብርዱ ይብሳል። ጎረቤት ፈገግ ይላል፣ በረዶ ይጠርግለታል፣ ቡና ጠጣ ብሎ ግን ቶሎ አይጠራውም። የሰዓቱ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 8 ነው፤ እናንተ በ7:00 ስትነሡ እሱ ዘንድ የትናንቱ 23:00 ነው። የምትደዋወሉበትን ቀንና ሰዓት አሁን ቁረጡ። የመጣለትን ደብዳቤ የሚከታተል ሰው በይፉይ ኮአህ ይወክል።

ከዚያ አስቀምጡና ጠይቁት፦ ቪዛህ ምንድን ነው? ሲያምህ ማን ይከፍላል? ለሦስት ወር የሚሆን አለህ? ማን ቤት ታርፋለህ? ሰንበትህን እንዴት ታከብራለህ? አምስቱንም ከመለሰ መርቃችሁ ስደዱት። ካልመለሰም አትቆጡት፤ ትኬቱን ሳይገዛ አብራችሁ መልሱን ፈልጉ።