ጥቁሩ ቁስና የአረጋውያን ድምፅ፦ የመካከለኛው አንጎል አንድ ክፍል ለቋንቋ መዝጋቢ ያለው ትርጕም

በጁባና በአካባቢዋ የሚነገሩ ቋንቋዎችን የሚመዘግብ ባለሙያ አዘውትሮ የሚፈልገው አረጋዊ ተናጋሪን ነው። በዕድሜ መግፋት የሚበዛው የፓርኪንሰን ሕመም ግን ድምፅን ስለሚለውጥ፣ የሰውነት ድካም የቋንቋው ሥርዓት መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለሕመሙ የእንቅስቃሴ ምልክቶች መነሻ የሆነውን የአንጎል ክፍል አስረድቶ፣ ለመስክ ጥናት ያለውን ትርጕም ያመለክታል።

ክፍሉ በላቲን ሰብስታንሺያ ናይግራ፣ ማለትም «ጥቁር ቁስ» ይባላል። በመካከለኛው አንጎል በግራና በቀኝ ጥንድ ሆኖ ይገኛል፤ ስሙን ያገኘው በነርቭ ሴሎቹ ከሚከማቸው ኒውሮሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ነው። ጥቅጥቅ ያለው ንዑስ ክፍሉ ዶፓሚንን ስትራያተም ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይልካል፤ መረብ መሰሉ ንዑስ ክፍል ደግሞ ታላመስን ይገታል። ዶፓሚን ይህ ልጓም በጊዜው እንዲላላ ስለሚያግዝ የታሰበው እንቅስቃሴ በቀላሉ ይጀመራል። ዶፓሚን አመንጪዎቹ ሴሎች ሲሞቱ ልጓሙ ይጠብቃል፤ እንቅስቃሴም ይዘገያል፣ ያንሳልም። ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን በ1817 እ.ኤ.አ. ቢገልጸውም፣ ከጥቁሩ ቁስ መጎዳት ጋር በግልጽ ያያያዘው የኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ የ1919 ጥናት ነው።

ንግግርም እንቅስቃሴ ነው። በሕመሙ ድምፅ ይደክማል፣ የከፍታና የዝቅታው ስፋት ይጠባል፣ ተነባቢዎች ይደበዝዛሉ፣ ድምፁ ትንፋሽ ይበዛበታል። በአማርኛ «አለ» ሲላላ የመናገር፣ ሲጠብቅ የመኖር ግሥ ነው፤ ልዩነቱን የሚሸከመው የምላስ ቆይታ ብቻ ነው። በዲንካ ሸክሙ ይበልጣል። አናባቢዎቹ ሦስት የርዝመት ደረጃ አላቸው፤ ተራና ትንፋሻማ ድምፅ ይለያያሉ፤ ቃናም ትርጕም ይለውጣል። የስም ነጠላና ብዙ ቍጥር ብዙ ጊዜ ያለ ቅጥያ፣ በአንዲት ቀለም ውስጥ በእነዚሁ መንገዶች ይለያል። ስለዚህ በሽታው ያመጣው ትንፋሽ እንደ ድምፀ ልሳን ባሕርይ፣ የጠበበው ቃናም እንደ ቃና መጥፋት ሊቈጠር ይችላል።

ለዓይን ጥቁር የሆነው ቁስ ለኒውሮሜላኒን በተዘጋጀ የኤምአርአይ ምስል ደምቆ ይታያል፤ በታማሚው ላይ ድምቀቱ ይቀንሳል። የዶፓሚን አጓጓዦችን የሚያሳየው የኑክሌር ምርመራም በስትራያተም የደረሰውን ጉድለት ያመለክታል። ሆኖም ምርመራው በዋነኛነት በሐኪም እጅና ዓይን የሚካሄድ ነው፤ የእንቅስቃሴ መዘግየት ከመንቀጥቀጥ ወይም ከጡንቻ መገተር ጋር መታየቱ ዋናው መለያ ነው።

ቋንቋ መዝጋቢው ሐኪም አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ግዴታው ነው። ንፅፅር የጠፋ ሲመስል በርከት ያሉ ተናጋሪዎችን ያነጻጽር፤ የቀደሙ ቅጂዎች ካሉ ያድምጥ፤ ተናጋሪው ንፅፅሩን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይለየው እንደ ሆነ ይፈትን። ከለየው፣ የተዳከመው አፍ እንጂ ሰዋስው አይደለም። ሌቮዶፓ ለሚወስድ ሰው መድኃኒቱ የተወሰደበትንና የተቀዳበትን ሰዓት፣ በተናጋሪው ፈቃድ፣ በማኅደሩ ያስፍር፤ መድኃኒቱ እጅና እግርን የሚያግዘውን ያህል ንግግርን እንደማያግዝም ያስታውስ። እንዲህ የተመዘገበ ድምፅ የአረጋዊውንም ክብር፣ የቋንቋውንም እውነት ይጠብቃል።