ተከሳሹ ማን ነው?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ሰፈር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የፖለቲካ ንግግር የምናነብበት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍላለሁ፤ በግራ “ሳይሾም”፣ በቀኝ “ከተሾመ በኋላ”። ጥያቄው አንድ ነው፦ በንግግሩ ውስጥ ተከሳሹ ማን ነው?

ክርክር የማያጣው የፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ጉዳይ ነው። ሰውየው ሕዝበኛ ይባሉ አይባሉ እኛ መምህራን ራሳችን አልተስማማንም። አገሩን “ሕዝቡ” እና “ገዥዎቹ” ብሎ የሚከፍለው አነጋገር ግን በ1997ቱ ምርጫ የተቃዋሚው ቅንጅት ቅስቀሳ ውስጥ ነበር ባይ ነኝ። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ፤ ለከንቲባነት የተመረጡት ብርሃኑ ግን ሥራ ሳይጀምሩ ታሰሩ። ያ አንደበት በሥልጣን ሳይፈተን ቀረ። በነሐሴ 2012 እሳቸው የሚመሩት የኢዜማ ፓርቲ የከተማዋን የመሬት ወረራና የኮንዶሚኒየም እደላ የተመለከተ ጥናት ሲያወጣም ጣቱ የተቀሰረው ወደ አስተዳደሩ ነበር።

በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በዓመቱ ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈተኑ፤ ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ጭብጨባ ያማረው ሰው ይህን ቁጥር በአደባባይ አይናገርም፤ እሳቸው ተናገሩት። ድምፁም አልለዘበም። የተቀየረው ተከሳሹ ነው፦ ኩረጃውና ለዓመታት የተበላሸው ሥርዓት። አንዷ ተማሪዬ “መምህር፣ ሥርዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል?” አለችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

ሥልጣን ምላስን ያለዝባል የሚባለውን አልቀበልም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ሰኔ 2010 ፓርላማ ቀርበው መንግሥት ዜጎችን ያሰቃይ እንደነበር ሲናገሩ ከተቃዋሚ በላይ ከሳሽ ነበሩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነው ታዲያ። ኋላ ንግግራቸው እየሞላ የሄደው በሚመረቁ ሥራዎች ነው፤ ከበላያችን ያለው የእንጦጦ ፓርክ አንዱ ነው። ምርቃት ላይ ተከሳሽ የለም። የግሪኩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲፕራስማ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕዝቡን የአበዳሪዎችን ቅድመ ሁኔታ በድምፅ “እምቢ” አሰኝተው፣ ሳምንት ቆይተው ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማሙ።

የሙያ አጋሮቼ፣ በየክፍላችሁ ሞክሩት። ንግግሩ የማን እንደሆነ ግን ለተማሪዎቹ አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።