መስመርና ነጥብ በኮምፒዩተር እንዴት ይሳላል?

በዚህ ዕትም የምናወራው ፕሮግራም ስንጽፍ በኮምፒዩተር እስክሪን ላይ መስመርና አንዲት ነጥብ እንዴት እንደሚሳሉ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እርሳስና ማስመሪያ ካለ መስመር ማስመር ምን ችግር አለው? ኮምፒዩተሩ ግን እርሳስም ማስመሪያም የለውም፤ ያለው ነጥብ ብቻ ነው።

በትልም የተዘራ የገዳሪፍ ማሽላ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቀረብ ሲሉ ግን እያንዳንዱ አገዳ ለየብቻው ቆሟል። እስክሪንም እንደዚያው ነው። በጥቃቅን ካሬዎች የተሞላ ሰሌዳ ሲሆን አንዷ ካሬ ፒክሰል ትባላለች። ካሬዋ በሙሉ ትቀለማለች ወይም ትተዋለች፤ ግማሿን መቀባት የሚባል ነገር የለም።

እያንዳንዷ ፒክሰል አድራሻ አላት። ቆጠራው ከላይኛው ግራ ጥግ በ0፣ 0 ይጀምራል። የመጀመሪያው ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይቆጥራል። ልብ በሉ፣ በሒሳብ ክፍል ሁለተኛው ቁጥር ሲጨምር ወደ ላይ እንወጣለን፤ እዚህ ግን ወደ ታች ነው የምንወርደው።

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነፃ ይገኛል። ቲኪንተር የሚባለው የመስኮትና የሥዕል መሣሪያው አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መጀመሪያ ካንቫስ፣ ማለትም የሥዕል ሸራ፣ እንከፍታለን። ከዚያ «ክሪኤት ላይን» ለሚለው ትእዛዝ አራት ቁጥር እንሰጣለን፤ ሁለቱ የመነሻው፣ ሁለቱ የመድረሻው አድራሻ ናቸው። 20፣ 20፣ 120፣ 60 ብንለው ወደ ቀኝ 100፣ ወደ ታች 40 የሚሄድ መስመር ይወጣል።

አንዲት ነጥብ ብቻ ለመሳል ግን ካንቫሱ የተለየ ትእዛዝ የለውም። መላው ወርዱም ቁመቱም 1 የሆነ ሬክታንግል መሳል ነው። ለምሳሌ ከ50፣ 50 እስከ 51፣ 51፤ ጠርዙን ሳናሰምር ውስጡን ብቻ እንቀባለን። ነጥቦቹ ብዙ ሺህ ከሆኑ ይህ አያዋጣም፤ ካንቫሱ እያንዳንዱን ሬክታንግል ለየብቻ ስለሚያስታውስ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል። ያን ጊዜ «ፎቶ ኢሜጅ» ከፍቶ «ፑት» በሚለው ትእዛዝ መቀባት ይሻላል።

ታዲያ መስመር ሲታዘዝ የትኛዋ ካሬ እንደምትቀባ ኮምፒዩተሩ እንዴት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1962 ጃክ ብሬዘንሃም የተባለ የአይቢኤም ባለሙያ ለዚህ አንድ ዘዴ አወጣ፤ ጽሑፉም በ1965 ታተመ። ያኔ ያዘዘው እስክሪን ሳይሆን ብዕር እያንቀሳቀሰ ወረቀት ላይ የሚስል ማሽን ነበር። የዘዴው ጥቅም በየእርምጃው መደመርና መቀነስ ብቻ መጠየቁ ነው። ስለዚህ በእጅም ይሠራል።

ባለ ካሬ ወረቀት አውጡና እንሞክረው። ከሌለ በማስመሪያ አስምሩ። ከ0፣ 0 ተነስተን 10፣ 4 እንድረስ። ወደ ቀኝ 10፣ ወደ ታች 4 ማለት ነው። የመነሻዋን ካሬ አጥቁሩና በወረቀቱ ዳር የ10ን ግማሽ፣ 5ን ጻፉ። ከዚያ አንድ ካሬ ወደ ቀኝ በሄዳችሁ ቁጥር 4 ደምሩ። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ቀንሱና አንድ ረድፍ ውረዱ፤ ከ10 ካነሰ እዚያው ረድፍ ላይ ቆዩ። ከዚያ ካሬዋን አጥቁሩ።

የመጀመሪያው እርምጃ 9 ይሰጣል፤ አትወርዱም። ሁለተኛው 13፤ 10 ሲቀነስ 3 ይቀራል፣ ትወርዳላችሁ። ሦስተኛው 7፣ አራተኛው 11። እንዲህ እያላችሁ ስትጨርሱ በየረድፉ የጠቆሩት 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 2 ካሬዎች ይሆናሉ፤ በጠቅላላው 11። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ደረጃው መስመር ይመስላል። መስመሩ ቁልቁል የሚበዛበት ከሆነ ግን ሥራው ይገለበጣል፤ በየእርምጃው ወደ ታች እየሄዳችሁ ወደ ቀኝ መቼ እንደምትዞሩ ትቆጥራላችሁ።

ይህ ለፊደላችንም ይሠራል። ለላቲን ትልልቅ ፊደሎች 5 በ7 ነጥብ ይበቃል። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ግን ትንሿ ቅጥያ ናት፤ ካሬው ካነሰ መቀመጫ ታጣለች። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደሎች ቁጥር ሰጠ። ቁጥር ግን መልክ አይደለም። የፊደሉን መልክ ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ቢሆንስ?

መምህራን ሆይ፣ አንድ ኮምፒዩተር ለብዙ ተማሪ በሚሆንበት ክፍል ተራ የሚጠብቁት ዝም ብለው አይቀመጡ። «ለ፣ ሉ፣ ሊ»ን በ12 በ12 ካሬ ይሳሉ፤ የጠቆሩትን ካሬዎች አድራሻ ይጻፉ። ተራቸው ሲደርስ ያንኑ ዝርዝር አስገብተው ፊደሉን እስክሪን ላይ ያያሉ። ቢሳሳቱ እንኳ የትኛዋ ካሬ እንደተሳሳተች ከወረቀታቸው ያገኟታል።

መልካም ሥራ!