ዓይን ያየውን ናሙና ያረጋግጠው

ጨጓራውን ያመመው ሰው ከቤተሰቡ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «በርበሬ ተው፣ ቡና ቀንስ፣ አትናደድ» የሚል ነው። ሐኪሞችም ለአሥርተ ዓመታት የጨጓራ ቁስለት የጭንቀትና የአሲድ ውጤት ነው ሲሉ ኖረዋል። ይህን እምነት የናደው ማይክሮስኮፕ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ፓቶሎጂስቱ ሮቢን ዋረን በተቆጣ የጨጓራ ናሙና ላይ ጠማማ ባክቴሪያዎች አየ። በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚቀበለው ግን ጥቂት ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ባሪ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣ፤ በቀናት ውስጥ ታመመ፣ ከጨጓራው የተወሰደው ናሙናም መቆጣቱን አሳየ። ባክቴሪያው ዛሬ ኤች ፓይሎሪ የምንለው ነው፤ ሁለቱ ሐኪሞችም በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል።

ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻ አይደለም። ዛሬም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ) ቀልቶ የታየ ጨጓራ በማይክሮስኮፕ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ደህና የመሰለው ደግሞ በነጭ የደም ሴሎች ተሞልቶ። ቁስለት ሲገኝ ጉዳዩ ይከብዳል። ተራው ቁስለት አብዛኛውን ጊዜ ክብ ነው፤ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ወለሉም ንጹሕ ነው። የካንሰሩ ጠርዝ ያብጣል፣ ይዘበራረቃል። ይሁንና ተራ ቁስለት መስሎ የሚቀመጥ ካንሰር ስላለ ከጠርዙ ዙሪያ በርካታ ናሙናዎች መወሰድ አለባቸው። ከሁሉ የሚያስፈራው በግድግዳው ውስጥ ተሰራጭቶ ጨጓራውን እንደ ደረቅ ስልቻ የሚያደርገው ዓይነት ነው፤ የላይኛው ሽፋን ደህና ሊመስል ይችላል፣ ከሥር ግን ንፍጥ የሞላባቸው፣ ኒውክለሳቸው ወደ ዳር የተገፋ ሴሎች ተበትነዋል። እንዲህ ያለውን ከላይ የተቆነጠረ ናሙና እንኳ ሊስተው ይችላል።

በአገራችን ብዙ ሰው በደም ምርመራ «ኤች ፓይሎሪ አለብህ» ተብሎ መድኃኒቱን ደጋግሞ ይወስዳል። በደም ውስጥ የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል ግን ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ፣ አለዚያም ናሙና ነው። አሲድ የሚቀንሰው መድኃኒት ኦሜፕራዞል ደግሞ ሕመሙን ያስታግሳል፤ የካንሰርን ቁስል እንኳ ለጊዜው የዳነ ሊያስመስል ይችላል።

ያለ ምክንያት የምትከሱ፣ ሰገራችሁ የጠቆረ፣ ደም የምታስታውኩ ወይም ምግብ መዋጥ ያቃታችሁ፣ ከፋርማሲ እየገዛችሁ ወራት አታሳልፉ። ኢንዶስኮፒ ተደርጎ ቁስለት ከተገኘባችሁ ናሙና መወሰዱን ጠይቁ፤ የፓቶሎጂ ውጤታችሁንም ሳትቀበሉ አትቅሩ።